የሚያውቀው፣ የሚወስነውና የሚሞተው፦ የአሞኒየም ናይትሬት ፍንዳታዎች ፖለቲካዊና ኢኮኖሚያዊ መንሥኤዎች



 በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ዛሬ የምናገረው ጨው ስለሚመስል አንድ ነጭ ነገር ነው። ስሙ አሞኒየም ናይትሬት ይባላል። ገበሬ በማሳው ላይ ሲበትነው ማዳበሪያ ነው፤ ማዕድን አውጪ ከነዳጅ ጋር ሲቀላቅለው ድንጋይ መፈንቀያ ነው፤ ሰው ለመግደል የተነሣ ሲይዘው ቦምብ ነው፤ በመጋዘን ተከማችቶ ሲረሳ ደግሞ ከተማ ያፈርሳል። ኬሚስትሪው በአራቱም ቦታ አንድ ነው። የሚለያየው በዙሪያው ያለው የሰው ሥርዓት ነው።

ፍንዳታን በሁለት ከፍለን ማየት ለምደናል። ቦምብ ከሆነ «ማን አፈነዳው?» ብለን እንጠይቃለን፤ የኢንዱስትሪ አደጋ ከሆነ «እሳቱ ከምን ተነሣ?» እንላለን። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚመረምሩት የመጨረሻዋን ቅጽበት ብቻ ነው። የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ አደጋውን የሚያውቀው፣ አደጋውን ለማስወገድ ሥልጣን ያለው፣ እንዲሁም አደጋው ሲደርስ ዋጋውን የሚከፍለው ሦስት የተለያዩ ወገኖች ሲሆኑ፣ ያ መለያየት ራሱ የፍንዳታው መንሥኤ ይሆናል።

ከቴክሳስ ሲቲ ልጀምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ለጦርነት ያገለግሉ የነበሩ የፈንጂ ፋብሪካዎቿን ማዳበሪያ እንዲያመርቱ አደረገች፤ ዓላማው በጦርነት የተራበውን አውሮፓ መመገብ ነበር። ኤፕሪል 16 ቀን 1947 ግራንካን የተባለች የፈረንሳይ መርከብ 2,300 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት በወረቀት ከረጢት ተጭኖባት ሳለ ከሆዷ ጭስ ታየ። ጭነቱ በውኃ እንዳይበላሽ ሲባል የመርከቢቱ ክፍል ተዘግቶ እንፋሎት እንዲለቀቅበት ተደረገ። አሞኒየም ናይትሬት ግን ኦክስጅኑን ከራሱ የሚያወጣ ስለሆነ አየር በመከልከል አይጠፋም፤ ሙቀቱም የባሰ ያፋጥነዋል። መርከቢቱ ፈነዳች፤ 581 ሰዎች እንደሞቱ ይቆጠራል። ከከተማዋ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች 27ቱ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው «ማዳበሪያ» የሚል ነበርና ምን ሊያጠፉ እንደቀረቡ የነገራቸው አልነበረም።

ቤተሰቦቻቸው መንግሥትን ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953 አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ምክንያቱም የማምረቱና የማጓጓዙ ዕቅድ በፖሊሲ ደረጃ የተደረገ ውሳኔ ስለሆነ በሕግ አያስጠይቅም የሚል ነበር። ኮንግረሱ ካሳ እንዲከፈል የፈቀደው በ1955 ነው። በሌላ አነጋገር ውሳኔው ከፍ ካለ ቦታ በተሰጠ መጠን ተጠያቂነቱ እየራቀ ሄደ።

ሁለተኛው ምሳሌ ቦምብንና አደጋን ጎን ለጎን ያቆማል። ኤፕሪል 19 ቀን 1995 ቲሞቲ መክቬይ በዚሁ ማዳበሪያ በተሠራ ቦምብ በኦክላሆማ ሲቲ የሚገኘውን የፌዴራል ሕንፃ አፍርሶ 168 ሰዎችን ገደለ። መነሻው ፖለቲካዊ ነበር፤ የፌዴራል መንግሥቱ በ1993 በዌኮ የወሰደውን እርምጃ ለመበቀል ነበር። ወንጀለኛው ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ በ2001 በሞት ተቀጣ። የማዳበሪያውን ሻጭና ገዢ የሚመዘግብ ሕግ ግን የወጣው ገና በ2007 ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም በ2011 በረቂቅ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ።

ደንቡ በረቂቅ እንዳለ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 2013፣ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ዌስት በተባለች ትንሽ ከተማ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ተቃጥሎ ፈነዳ። 15 ሰዎች ሞቱ፤ 12ቱ ለእርዳታ የሮጡ ነበሩ። ማዳበሪያው በእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ተከማችቶ ነበር፤ በአቅራቢያው ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጦሪያ ነበሩ፤ የድርጅቱ የተጠያቂነት መድን ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በ2016 አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው አለ፤ አደጋውን የመረመረው ሌላው መሥሪያ ቤት ግን የእሳቱን መነሻ ለይቼ መወሰን አልቻልሁም ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እሳቱን ሰው ለኩሶት ቢሆን ወንጀል ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር አስነሥቶት ቢሆን አደጋ ነው። የእንጨት ሣጥኑ፣ የትምህርት ቤቱ ቅርበትና የመድኑ ማነስ ግን በሁለቱም መልስ አይለወጡም። ለኳሹ እሳት ያስነሣል እንጂ እሳቱን እልቂት የሚያደርገው ቀድሞ የተዘጋጀው ሁኔታ ነው።

ሦስተኛው ቤሩት ነው። በ2013 ሮሱስ የተባለች ያረጀች መርከብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከጆርጂያ ጭና ወደ ሞዛምቢክ ስትጓዝ ቤሩት ገባች። ለባሕር ጉዞ ብቁ አይደለችም ተብላ ታገደች፤ ባለቤቷም ጣላት። የዋጋው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው፤ መርከብን መተው ዕዳዋን ከመክፈል ይልቅ ረክሶ ተገኘ። ጭነቱ በ2014 ወደብ ላይ በሚገኘው 12 ቁጥር መጋዘን ገባ። የጉምሩክ ሹማምንት ጭነቱ እንዲወጣ ወይም እንዲሸጥ ለፍርድ ቤት ደጋግመው ጻፉ። በጁላይ 2020 ማስጠንቀቂያው ለፕሬዚዳንቱና ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደረሰ። ኦገስት 4 መጋዘኑ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 300,000 ያህል ቤት አልባ ሆኑ። እሳት ለማጥፋት የተላኩት 10 የብርጌዱ አባላት አንዳቸውም አልተመለሱም።

ሊባኖስን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ሹመትን በሃይማኖት ወገኖች መካከል ያከፋፍላል፤ ወደቡም የዚሁ ክፍፍል አካል ነበር። ሁሉም ድርሻ ያለው ቦታ ማንም በብቸኝነት የማይጠየቅበት ቦታ ሆነ። የመጀመሪያው መርማሪ ዳኛ ከባለሥልጣናት በቀረበ አቤቱታ በ2021 ተነሡ፤ የተተኩት ዳኛ ምርመራም በክስ ብዛት ለረጅም ጊዜ ቆመ።

ይህ ታሪክ ወደ እኛም ይደርሳል። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያት በከፋላ ሥርዓት፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር ታስሮ፣ በቤት ሠራተኝነት ይኖሩ ነበር። ፍንዳታው ሊደርስ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ የአገሪቱ ገንዘብ በመውደቁ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ወደቡ ሲፈነዳ ጥለዋት የሚሄዱት ቤት እንኳ ያልነበራቸው ነበሩ። ውሳኔ ላይ ድምፅ የሌለው፣ የውሳኔው ዋጋ ሲመጣ ግን ከፊት የሚቆም ሰው ማለት ይህ ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በሦስቱም ከተሞች ቅጠሉን ይዘው የሮጡት ምን እንደሚቃጠል አልተነገራቸውም፤ ምን እንዳለ የሚያውቁት ወረቀት ጻፉ፤ ማንሣት የሚችሉት ደግሞ ማንሣቱ ወጪ ነበርና፣ ዝም ማለቱ ምንም አላስከፈላቸውም።

ይህን ስል ቦምብ ያፈነዳውን ሰው ከጥፋቱ ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ወንጀል ወንጀል ነው። ነገር ግን ፍርድ በአንድ ሰው ላይ ሲያልቅ መጋዘኑ እንደተከፈተ ይቀራል። እናንተ ተማሪዎች ነገ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ የጉምሩክ ሠራተኛ ወይም ሹም ትሆናላችሁ። ምናልባትም አንድ ቀን ስለ አንድ መጋዘን የተጻፈ ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት፣ የሚመለከተው ክፍል ማንሣት ይችል እንደሆነ፣ በአቅራቢያው ማን እንደሚኖር፣ እሳት ቢነሣ ማን እንደሚላክና ለዚያ ሰው ማን እንደሚነግረው ጠይቁ።