አዮን የሚያሻግሩ ሰው ሠራሽ ቦዮች

የሕዋስ ሽፋን ሁለት ንብርብር ስብ ነው። እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ አዮኖች የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው በውኃ ሞለኪውሎች ይከበባሉ። ይህን ውኃ ጥሎ ወደ ስቡ መግባት ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ያለ መተላለፊያ አይሻገሩም። በተፈጥሮ መተላለፊያው የፕሮቲን ቦይ ነው።

ኬሚስቶች ይህንኑ ሥራ በትንንሽ ሞለኪውሎች መሥራት ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ረዛ ጋዲሪና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ የምርምር ተቋም ቀለበት መሰል ፔፕታይዶችን (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችን) ሠሩ። ቀለበቶቹ ሽፋኑ ውስጥ በሃይድሮጅን ትስስር ተደራርበው ቱቦ ይሆናሉ። የቱቦው ውጫዊ ገጽ ከስቡ ጋር ይስማማል፤ ክፍት መሃሉ ውኃ ይይዛል። አዮኑ በዚያ ውኃ ታግዞ ያልፋል። አቅጣጫውን የሚወስነው በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው የክምችትና የቮልቴጅ ልዩነት ነው። በአንድ ቱቦ በሰከንድ ከ10 ሚሊዮን በላይ አዮኖች ይሻገራሉ።

በአማራ ክልል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ማዕከል ለካላዛር ሕሙማን የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ቢ ሰው ሠራሽ ሳይሆን ከባክቴሪያ የሚገኝ መድኃኒት ቢሆንም እንደ ቀለበቶቹ ቦይ መሥራት ይችላል። የካላዛር አምጪ ተሕዋሲ በሆነው በሊሽማኒያ ሽፋን ላይ ካለው ኤርጎስቴሮል ከተባለ የስብ ዓይነት ጋር ይጣበቃል፤ አዮኖች በቀዳዳው ሲፈሱ የሕዋሱ ሚዛን ይናጋል። ኤርጎስቴሮሉን ከሽፋኑ መንጠቁም ተሕዋሲውን ለሞት ያበቃዋል።