ኩላሊት ሲጎዳ ቀድሞ የሚናገር ምልክት



ዛሬ ልናገርበት የወደድሁት ጉዳይ በሰው ፊት ሲጠራ ብዙዎችን የሚያሳፍር ነው፤ ይኸውም ሽንት ነው። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ በጽኑ ለታመመ ሰው ሽንቱ ስለ ኩላሊቱ የሚሰጠው ወሬ ከደሙ ምርመራ የሚቀድምበት ጊዜ አለና ነገሩን ሳናፍር ብንመለከተው ይጠቅማል።

ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት፣ በተለምዶም የደም መመረዝ የምንለው ሕመም፣ ተራ ከሚመስል ቁስል ወይም ከሳንባ ምች ሊነሣ ይችላል። ሰውነት ተሐዋስያንን ለመከላከል የሚያሰልፈው ኀይል ከልኩ አልፎ የገዛ ራሱን የአካል ክፍሎች መጉዳት ሲጀምር ሴፕሲስ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም እንደተያዙ፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል። ከዚህ በታች የምጠራቸውም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕሲስ ፈጥኖ ከሚያጠቃቸው የአካል ክፍሎች አንዱ ኩላሊት ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ረቂቃን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ሲያጣሩ፣ ከዚሁ አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው ጥቂቱን ብቻ በሽንት ያስወጣሉ።

የኩላሊት ጉዳት ለብዙ ዘመን ሲታወቅ የኖረው ክሪያቲኒን የተባለውን፣ ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ በደም ውስጥ በመለካት ነው። ኩላሊት ሲደክም ይህ ቆሻሻ ይከማቻል። ችግሩ ግን መዘግየቱ ነው። ደኅና የቀሩት ማጣሪያዎች የተጎዱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ፣ የማጣራቱ ኀይል በግማሽ ያህል እስኪቀንስ ድረስ ልኬቱ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ለሕመምተኛው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ክሪያቲኒኑን ያቀጥነዋል። ነገሩ በአንድ መሥሪያ ቤት የጎደለ ገንዘብ በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ብቻ እንደሚታወቅ ያለ ነው፤ ጉድለቱ በመዝገብ ይገለጣል፣ ገንዘቡ ግን ከወጣ ሰንብቷል።

ስለዚህ ሊቃውንት የተጎዳው ኩላሊት ራሱ ወደ ሽንት የሚለቃቸውን ፕሮቲኖች መፈለግ ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ኤንጋል ይባላል። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ የልብ ቀዶ ጥገና በተደረገላቸው 71 ሕፃናት ላይ የተካሄደው፣ በ2005 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ኩላሊታቸው በተጎዳ ሕፃናት ሽንት ውስጥ ኤንጋል በ2 ሰዓት ውስጥ ከፍ ሲል፣ ክሪያቲኒን ግን ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከ700 በላይ በሆኑ ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ቲምፕ 2 እና አይ ጂ ኤፍ ቢ ፒ 7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በሚቀጥሉት 12 ሰዓቶች ውስጥ ሊደርስ የሚችለውን ብርቱ ጉዳት አስቀድመው እንደሚጠቁሙ ገለጠ። ኔፍሮቼክ የተባለውም መመርመሪያ በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ።

ይሁን እንጂ ምልክት ፍርድ አይደለም። ኤንጋል ከኩላሊት ብቻ ሳይሆን ከነጭ የደም ሕዋሳትም ይወጣል፤ በሴፕሲስ ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት ስለሚበረቱ ኩላሊቱ ሳይጎዳ ልኬቱ ከፍ ሊል ይችላል። በሁለቱ ፕሮቲኖችም ምርመራ ከልክ በላይ የተገኘበት ሕመምተኛ ሁሉ ኩላሊቱ ይታመማል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ምልክቱን ከሕመምተኛው ጠቅላላ ሁኔታ ጋር ያመዛዝነዋል።

የተጎዳውን ኩላሊት ወዲያው የሚጠግን መድኃኒት እስካሁን የለም። አስቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመው ለጥንቃቄ ነው፤ የደሙን ግፊት ለመጠበቅ፣ ፈሳሹን በልክ ለመስጠት፣ እንደ ዲክሎፌናክ ያሉትን ኩላሊት የሚጎዱ መድኃኒቶች ለመተው፣ የሴፕሲሱንም ምንጭ በፍጥነት ለማከም ነው።

አዲሱ መመርመሪያ በሌለበት ሆስፒታል እንኳ አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ እርሱም የሽንት መጠን ነው። የአንድ ሰው ሽንት ለ6 ሰዓት ያህል በየሰዓቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ኩላሊቱ አደጋ ላይ እንደሆነ ይቈጠራል። ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ይህ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች፣ ማለት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ የታመመ ዘመድ ስታስታምሙ ሽንቱ ሳይለካ እንዳይደፋ ተጠንቀቁ፤ ማነሱንም እንዳያችሁ ነገ የደም ውጤት እስኪመጣ ሳትቈዩ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ንገሩ። ያ ቃል በሰዓቱ የደረሰ እንደሆነ ኩላሊትን ሊያድን ይችላልና።