ነፋስና የጅራት ሮተር



ቀላል ሄሊኮፕተር በነፋስ ወደቀ በተባለ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ ለነፋሱ መስጠት ይቀናናል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማሳሰቢያ ግን አደጋው በተለይ በዝግታና በዝቅታ፣ በብዙ ኃይል በሚበርበት ጊዜ እንደሚያሰጋ ያስረዳል። ዋናው ሮተር ከላይ ሲታይ ወደ ግራ በሚዞርበት ሄሊኮፕተር፣ ከግራ ወይም ከኋላ የሚመጣ ነፋስ የጅራቱን ሮተር ሥራ ያውካል፤ አፍንጫውም ሳይታሰብ ወደ ቀኝ ይዞራል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ መጠባበቂያው ኃይል ያንሳል።

መድኃኒቱ የግራውን ፔዳል ሳይዘገዩ እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ ሳይክሊኩን ወደፊት ገፍቶ ፍጥነት ማግኘት፣ ከፍታው ከፈቀደም ኃይል መቀነስ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥንቃቄው ነው። በዝቅታ ስንቆም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ እናዙር፤ እግራችንም ከፔዳሉ አይዘናጋ፤ ተሳፋሪው እምነቱን የጣለው በእኛ ላይ ነውና።