ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ አባላት የምሽት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ስለ ግድብና ስለ ድልድይ ከሚደረጉት ንግግሮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መሐንዲስ የሆነ ሰው ከዘመዱ፣ ከጎረቤቱና ከባልደረባው አዘውትሮ የሚጠየቀው ስለ ግድብ አይደለም። «መኪና ልገዛ ነው፤ ቤንዚን ይሻለኛል ወይስ ናፍጣ?» ተብሎ ነው። ጠያቂው የሚያወጣው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባው፣ አንዳንድ ጊዜም ከዕቁብና ከብድር የተጠራቀመ ነው። ስለዚህ መልሱ በቡና መካከል እንደ ዋዛ የሚወረወር ሊሆን አይገባውም። እኔ ግን አንድ ጊዜ እንደ ዋዛ ወርውሬዋለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ መነሻም ይኸው ስሕተቴ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሦስት ልጆች አሉት፤ እናታችንም አብረውት ይኖራሉ። ትንሿ መኪናው ስለ ጠበበችው ስቴሽን ዋገን፣ ይኸውም ጣሪያው እስከ ኋላ በር ድረስ የሚዘልቅ፣ ሰውንም ዕቃንም አንድ ላይ የሚይዝ መኪና ለመግዛት አሰበ። ሁለት መኪኖች ቀረቡለት። ሁለቱም በአውሮጳ ያገለገሉ ሲሆኑ፣ አንደኛው 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ሁለተኛው 2 ሊትር ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር ነበራቸው። እኔም ሁለቱን ካየሁ በኋላ ያለ ማመንታት ናፍጣውን እንዲገዛ መከርሁት። ሦስት ምክንያቶች ነበሩኝ፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭነት ይችላል፣ በአዲስ አበባም ከፍታ ጉልበቱ አይደክምም። ሦስቱም ምክንያቶች ዛሬም ትክክል ናቸው። ስሕተቱ ያለው ሳልጠይቅ በቀረሁት ነገር ላይ ነው። ወንድሜን «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

በስምንተኛው ወር የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፤ ሞተሩም ጉልበት አጣ። የሆነውን ከመተረኬ በፊት ግን የሁለቱን ሞተሮች ጠባይ ማስታወስ ይገባል።

ሁለቱ ሞተሮች

የቤንዚን ሞተር አየርንና ነዳጅን ደባልቆ ካመቀ በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥላል። የናፍጣ ሞተር አየሩን ብቻ አጥብቆ ያምቅና፣ በእመቃ በጋለው አየር ላይ ነዳጁን ይረጫል፤ ነዳጁም ያለ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በቤንዚን የእመቃው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 11 እጥፍ ሲሆን፣ በናፍጣ ከ15 እጥፍ በላይ ነው። እመቃው በበረታ መጠን ከአንድ ዓይነት ሙቀት የሚገኘው ሥራ ይበዛል። በተጨማሪም የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው የነዳጁን መጠን በመቀነስና በመጨመር ስለሆነ፣ በዝግታ ሲነዳ አየር ለመሳብ የሚያባክነው ጉልበት ጥቂት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣም ወደ 36 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ኃይል ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን የሚይዘው 32 ያህል ነው። የናፍጣ ቁጠባ ምንጩ እነዚህ ናቸው።

በዕድሜ የሚበልጡን አባላት የፔጆ 404ንና 504ን ስቴሽን ዋገኖች ያስታውሳሉ። በዚያ ዘመን የነበረው የናፍጣ ሞተር ዘገምተኛና ጩኸታም ነበር፤ ነገር ግን አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ማንኛውም ትጉህ መካኒክ ፈትቶ ይገጥመው ነበር። «ናፍጣ አይሞትም» የሚለው ዝና የተወረሰው ከእነዚያ ሞተሮች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ግን ለቤት መኪና የሚሠራው የናፍጣ ሞተር መልኩን ለወጠ። ነዳጁ በጋራ ቧንቧ ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ፣ በኋላም እስከ 2,000 ባር በሚደርስ ግፊት ተከማችቶ በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ኢንጀክተር ይረጫል። ሞተሩ ጸጥተኛና ብርቱ ሆነ። ነገር ግን ከነዳጁ ጋር የሚገባ ጥቂት ውኃ ወይም አቧራ ለእንዲህ ያለው ኢንጀክተር መርዝ ነው። እንግዲህ ዝናው የአባቱ፣ ባሕርዩ የልጁ ነው፤ ገዢው ግን የሚገዛው ልጁን ነው።

ስለ ከፍታ

በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ፣ በዚህ ከተማ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ያጣል። ስለዚህ በመጽሔት የምናነበው የፈረስ ጉልበት ለጅቡቲ ወደብ እንጂ ለእንጦጦ ዳገት የተጻፈ አይደለም። ባለ ተርቦ ሞተር የሳሳውን አየር ራሱ አምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ስድስት ሰውና የገበያ ዘንቢል ይዞ ዳገት ለሚወጣ የቤተሰብ መኪና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ዛሬ ግን ባለ ተርቦ የቤንዚን ሞተርም አለ። ስለዚህ በከፍታ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው «ናፍጣ ነው ወይስ ቤንዚን?» ከማለት ይልቅ «ተርቦ አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ነው። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ለባሕር ጠረፍ በተለካ ፓምፕ በከፍታ ሲሠራ፣ ነዳጁ ከአየሩ ስለሚበልጥ ጥቁር ጭስ ይተፋል። በየዳገቱ የምናየው ጥቁር ደመና አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አጭር መንገድና የጥቀርሻ ማጣሪያ

አሁን ወደ ወንድሜ መኪና ልመለስ። በአውሮጳ ሕግ እየጠበቀ በመሄዱ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በሥራ ላይ በዋለው አምስተኛው የዩሮ ደረጃ ምክንያት፣ የናፍጣ መኪኖች በጭስ መውጫቸው ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ይገጠምላቸዋል። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ይይዛል፤ ሲሞላም በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት አቃጥሎ ይጸዳል። ለዚህ ሙቀት ረዘም ያለ፣ ሳይቆራረጥ የሚነዳ መንገድ ያስፈልጋል። መኪናው እየጸዳ ሳለ ሞተሩ ከጠፋ ሥራው ይቋረጣል፤ ለማሞቂያ የተረጨው ትርፍ ናፍጣም በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይት ጋር ይደባለቃል።

የወንድሜ ቤት ከልጆቹ ትምህርት ቤት 3 ኪሎ ሜትር፣ ትምህርት ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ማታም እንደገና እንዲሁ ይሆናል። ማጣሪያው ታፈነ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስስበው ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። መኪናው አልተበላሸም፤ ያልተሠራበትን ሥራ እንዲሠራ ተገደደ እንጂ።

ያየው መካኒክ ፈጣን መድኃኒት አቀረበ፤ ማጣሪያውን ቆርጦ ባዶ ቧንቧ መግጠምና ኮምፒውተሩን ማታለል። ዋጋውም ከአዲስ ማጣሪያ ጋር አይወዳደርም ነበር። ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ «መሐንዲሱ አንተ ነህ፤ ምን ትላለህ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ጊዜ ዝም አልሁ። ያከሰርሁት እኔ ስለሆንሁ፣ በርካሽ የምንገላገልበትን መንገድ ለመከልከል አፌን ከበደኝ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧል። ያ ጭስ የሚወጣው ደግሞ በየጠዋቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በልጆች አፍንጫ ቁመት ነው። የራሱም ልጆች ከመኪናው ወርደው የሚያልፉት ከኋላው ነው። «አይቆረጥ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ማጣሪያው ወልቆ የሚጸዳበትን እኔ እከፍላለሁ» አልሁት። እርሱም ጥቂት አሰበና ተስማማ።

ሒሳቡ

ከዚያ ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ እርሳስና ወረቀት አወጣለሁ። ለምሳሌ ያህል ቤንዚኑ በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር፣ ናፍጣው 7 ሊትር ይፈጃሉ እንበል። በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 720 ሊትር ቤንዚን ወይም 560 ሊትር ናፍጣ ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ 160 ሊትር ነው። በዓመት 25,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ግን 2,250 ሊትር ቤንዚን ወይም 1,750 ሊትር ናፍጣ ይፈልጋል፤ ልዩነቱ 500 ሊትር ይሆናል። ይህን በጊዜው በሚሸጥበት ዋጋ ማባዛትና፣ ናፍጣው ሲገዛ ከሚያስጨምረው ገንዘብ፣ ከኢንጀክተር፣ ከተርቦና ከማጣሪያ ጥገና ጋር ማመዛዘን ነው። ለመጀመሪያው ሰው አንድ ኢንጀክተር ቢበላሽ የብዙ ዓመት ቁጠባው በአንድ ቀን ይሄዳል። ለሁለተኛው ግን ናፍጣው ድካሙን ይከፍላል።

በአጭሩ፣ አብዛኛው ጉዞው በከተማ ውስጥ አጫጭር ለሆነ ቤተሰብ ቤንዚን፣ በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ለሚሄድና ጭነት ለሚያበዛ ናፍጣ ይስማማል። በሁለቱ መካከል ላለ ሰው ደግሞ የሞተሩ ዓይነት ከመኪናው ደኅንነት ያነሰ ጉዳይ ነው። በደንብ የተያዘ ቤንዚን ካልተያዘ ናፍጣ ይሻላል፤ እንዲሁም በተቃራኒው።

ሲገዛ የሚታይ ነገር

መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ወይም ደላላው አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀን የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ እጃችንን ኮፈኑ ላይ እናሳርፍ። ሞተሩ ሲነሣ ጭሱን እንይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊናገር ይችላል። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስቦ ከፍታውን ማየትና ማሽተትም አይዘንጋ፤ በወንድሜ መኪና ላይ ይህን ዘወትር ብናደርገው ኖሮ ችግሩን ከመብራቱ በፊት እናውቀው ነበር።

የእመቃ ልኬት ሲደረግ አንድ ነገር ልብ ይባል። በመጽሐፉ 12 ባር የተባለለት ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ 9 ባር ያህል ቢያሳይ አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ሞተሩ ስላረጀ አይደለም። ፍርዱ የሚሰጠው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ በማነጻጸር ነው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ያን ጊዜ እንጠራጠር።

ስቴሽን ዋገን በመሆኑ ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። የኋላው ወለል ምንጣፍ ተገልጦ፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ዝገትና ብየዳ እንዳለበት ይታይ። ባዶውን ሲቆም ጀርባው ከጎበጠ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል ማለት ነው። የኋላ በሩ ጎማ ከላላ የሚወጣው ጭስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከኋላ የሚቀመጡትም ሕፃናት ናቸው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሊመለስ ስለሚችል የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውንና የወንበሩን ማለቅ ከቁጥሩ ጋር እናስተያይ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ቀብድ መክፈል አይገባም።

ማጠቃለያ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቀን 14 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ እንደ ወንድሜ ላለ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና በጣም ተስማሚ ነው፤ የሚሞቅ ዘይት፣ የሚታፈንም ማጣሪያ የለውምና። ነገር ግን ቀድሞ የገቡት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ስለዚህ የመምረጥና የመንከባከብ ዕውቀት ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የወንድሜ መኪና ታሪክ እንዲህ ተፈጸመ። ማጣሪያው ወልቆ ከጸዳ፣ ዘይቱም ከተለወጠ በኋላ ለመሸጥ ተወሰነ። ለሚገዛው ሰው የደረሰውን ሁሉ ነገርነው፤ ደላላው ግን «ምን አስለፈለፋችሁ?» ብሎ ተቆጣን። ገዢው ሥራው አዳማ፣ ቤቱ አዲስ አበባ ስለሆነ በፈጣኑ መንገድ የሚመላለስ ሰው ነበር። ከዓመት በኋላ ሳገኘው መኪናው አንድም ቀን እንዳላስቸገረው ነገረኝ። ያው ሞተር፣ ያው ማጣሪያ ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ወንድሜም ዛሬ ዕድሜው የገፋ የቤንዚን ስቴሽን ዋገን ይነዳል። እንጦጦን ሲወጣ ያቃስታል፤ ልጆቹን ግን በየጠዋቱ ያደርሳል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የሙያችን ትምህርት ሞተሩን እንድናውቅ አድርጎናል። ሰዎች ምክራችንን ሲጠይቁ ግን ስለ ሞተሩ ከመናገራችን በፊት ስለ ኑሯቸው እንጠይቅ፤ የት ይሄዳሉ፣ ማንን ይጭናሉ፣ ሲበላሽስ ምን ይተርፋቸዋል? ይህን ሳይጠይቅ የሚሰጥ ምክር፣ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ለሌላ ሰው የተሠራ ሒሳብ ነው።