ስለ አዲሱ መሰኪያና ስለ አሮጌው ኮምፒዩተር
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በየጽሕፈት ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ያለ ነው። ይኸውም አዲስ የኮምፒዩተር መሰኪያ በመጣ ቍጥር አሮጌውን መሸጥ ይገባልን፥ ወይስ አድሶ መሥራት ይሻላል? የሚለው ነው። ለግዢም ለጥገናም ወደ አዳማ ወይም ወደ አሰላ መመላለስ ለሚኖርበት የሁሩታ ሠራተኛ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

አስቀድመን መሰኪያውን እንመልከት። ዩኤስቢ የተባለው ደንብ በ1988 ዓ.ም. የወጣው፥ በየመሣሪያው ልዩ ልዩ የነበረውን መሰኪያ አንድ ለማድረግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ደንብ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት፥ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው 5 ጊጋቢት፥ አራተኛውም በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ እስከ 40 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሆኑ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ታይፕ ሲ ግን የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። አፉ ሲ ሆኖ ሥራው የሁለተኛው ደንብ ብቻ የሆነ ገመድ አለና፥ ገዢ ቅርጹን አይቶ አይታለል። አሮጌ ኮምፒዩተርም በትንሽ አዳፕተር አዲሱን ፍላሽ ያነባል፤ የሚሠራው ግን በራሱ በቀድሞው ፍጥነት ነው።

ኮምፒዩተር የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ በመሰኪያው ሳይሆን፥ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክና በራም ማነስ ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥና ራም መጨመር አዲስ ከመግዛት እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፥ መሣሪያው ዊንዶውስ 11ን መቀበሉን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። የማይቀበል ቢሆን ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓት ሊጫንበት ይችላል።

መሸጥ ግድ ሲሆን ግን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይመጣል። ፋይልን ዲሊት ማድረግ፥ ከመዝገብ ቤት ማውጫ ላይ ቍጥሩን እንደ መሰረዝ ነው፤ ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ይቆያል። የባለጉዳዩ ስም፥ የመታወቂያው ቍጥር፥ የይዞታው ማስረጃ ከኮምፒዩተሩ ጋር ለማይታወቅ ሰው ሊሸጥ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ሲሆን በላዩ ሌላ ጽሑፍ በሚጽፍ ፕሮግራም ይደምሰስ፤ ኤስኤስዲ ሲሆን በሠሪው ኩባንያ የመደምሰሻ ትእዛዝ ይጥፋ፤ ይህ ባይቻል ዲስኩ ወጥቶ ይቅር። የመንግሥት ንብረት ከሆነም በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ በኩል እንጂ በአንድ ሠራተኛ ፈቃድ አይወጣም።

ፈጽሞ የሞተውን መሣሪያ ከቆሻሻ ጋር መጣል ወይም ማቃጠል አይገባም፤ በውስጡ እርሳስን የመሰለ መርዝ አለበትና። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ ቍጥር 425/2010 ወጥቷል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ የዕቃ ዕድሜ የሚለካው በሚሰጠው አገልግሎት ነው እንጂ በገበያ ወሬ አይደለም። ዕቃው ቢሸጥ ይተካል፤ ሕዝብ አምኖ የሰጠን ምስጢር ግን አንድ ጊዜ ከእጃችን ከወጣ አይመለስም።