«ማን»፣ «ቻል» እና «እርም»፦ የኮምፒውተር ትእዛዞች በእኛ ጆሮ
(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ኮምፒውተር ትምህርት ዕድገት ተናገር» ብለውኝ ነበር። ከምሳ በኋላ ስለ ዕድገት የሚወራ ንግግር ሰውን ምን እንደሚያደርገው እዚህ ያላችሁት ሐኪሞች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ስለ ትእዛዞች ስም ላጫውታችሁ። ጨዋታው ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ አንድ ጓደኛችንን ከትምህርቱ እንዳይቀር አድርጎታል።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ፦ ኮምፒውተርን በማውስ ሳይሆን አጫጭር ቃል እየጻፉ የሚያዙበት መንገድ አለ። ዛሬ የማጫውታችሁ ትእዛዞች ከዩኒክስ ቤተሰብ ናቸው። ዩኒክስን እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጀመሩት። ሰዎቹ ቀልደኞች ነበሩ። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው፤ ቀደም ሲል «መልቲክስ» የሚባል ትልቅ ሥራ ነበረና፣ «መልቲ» ብዙ ማለት ስለሆነ የራሳቸውን «ዩኒ»፣ አንድ፣ አሉት። ጽሑፍን ገጽ በገጽ የሚያሳየው ትእዛዝ «ሞር» ይባላል፤ ተጨማሪ ማለት ነው። ከእሱ የተሻለ ሲሠራ «ሌስ» ተባለ፤ ያነሰ ማለት ነው። «ያነሰው ይበልጣል» የሚል የእንግሊዝኛ አባባል አላቸውና። ስቲቨን ቦርን የሠራውን ፕሮግራም የሚተካ ሌላ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ደግሞ «ባሽ» አሉት፤ ሲተነተን የ«ቦርን»ን ስም «ዳግም ከተወለደ» ጋር የሚያጋጭ ነው።

ደስ ይላል አይደል? ለእነሱ ደስ ይላል። ከደባርቅና ከዳባት መጥቶ ኪቦርድ መጀመሪያ የነካው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለሆነ ልጅ ግን ቀልዱ አይደርሰውም። የሚደርሰው ባዶ ድምፅ ነው፤ ያንን በቃሉ ይዞ ይፈተናል።

ጓደኛችን እንደዚያ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ መምጣት ስላልቻለ ራሱን መከላከል አይችልም። ሃይስኩል ከመግባቱ በፊት የቆሎ ተማሪ ሆኖ ቅኔ ቤት ቆይቷል። የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ እየሰማ ያደገ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር አጋማሽ ሻንጣውን ማሰር ጀመረ። «ግዕዝ ተምሬያለሁ፤ የማላውቀው ቋንቋ አያስፈራኝም» አለን። «ግሬፕ፣ ኦክ፣ ሴድ... ይኼ ግን ቋንቋ አይደለም፤ ማስነጠስ ነው!»

በዚያው ሰሞን ላብራቶሪ ውስጥ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኤም፣ ኤ፣ ኤን ብሎ መታ። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ «ማን» የ«ማኑዋል» አጭር ነው፤ የሌላውን ትእዛዝ አጠቃቀም ያስነብባል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን በፊደላችን «ማን» የሚል ነበር። ትንሽ ዝም አለና «ማን ብዬ ልበለው?» አለ። በዚያ ሳቅ ሁላችንም ከላብራቶሪ ተባረርን።

ከዚያ በኋላ ደብተር አወጣና እያንዳንዱን ትእዛዝ በአማርኛ ኪቦርድ እየመታ መጻፍ ጀመረ። የእንግሊዝኛን ፊደል መትቶ አማርኛ ማውጣት እኛ የፈጠርነው አይደለም፤ ዳንኤል ያዕቆብና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት አጻጻፍ አለ። የዚያም ስም ከእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል የተሠራ ሆኖ ሲነበብ «ሥራ» ይላል። ቀልዱ ከእኛ በፊት ተጀምሯል ማለት ነው።

ከደብተሩ ጥቂቱን ላንብብላችሁ። ዲስክን እንዳለ የሚገለብጠው «ዲዲ»፣ «ድድ» ሆኖ ወጣ፤ የጥርስ ሐኪሞቻችን ይደሰቱ። ማንነትን የሚናገረው «አይዲ»፣ «ኢድ» ሆነ፤ በዓል ነው ተባለ። ጽሑፍን በየመስመሩ እየለየ የሚሠራው «ኦክ»፣ በሦስት ሰዎች በአሆ፣ በዋይንበርገርና በከርኒሃን ስም መነሻ ፊደላት የተጠራ ነው፤ በእኛ ፊደል «አውክ» ይላል። «አውክ እያልኩት ያስተካክላል፤ እንዲህ ያለ ታዛዥ አላየሁም» ብሎ ጻፈበት። ቃል ፈላጊው «ግሬፕ» ደግሞ «ግረፕ» ሆነ፤ «ግረፍ» ለማለት አንድ ፊደል ጎደለው፣ ተማሪው ዳነ።

የቀን መቁጠሪያ የምታሳየው «ካል»፣ «ቻል» ሆና ወጣች። 12 ወር ብቻ ታውቃለች። ጓደኛችን «ጳጉሜንስ?» ብሎ ቢጠይቃት መልሷ ያው ነው፤ «ቻል!»

ሌላም አለ። «ሁ» የሚባል ትእዛዝ አሁን ማሽኑ ላይ እነማን እንዳሉ ይዘረዝራል። ትርጉሙ በአማርኛ «ማን» ነው። ስለ እሱ ለማንበብ «ማን ሁ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱን በድምፁ፣ ሌላውን በትርጉሙ ብታነቡት «ማን ማን» ይላል። ትእዛዙ የሚመልሰውም ይኼንኑ ነው፦ ማን ማን አለ? እኛም ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ስንጠያየቅ የነበረው ይኼንኑ አይደል?

ቅኔ ቤት ያለፉ እንደሚያውቁት አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ኅብር ይባላል። ጥሩ ኅብር ያስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ወርቁን ፈልግ ይላል። ወርቅ የወጣበት ትእዛዝ ፋይል የሚያጠፋው «አርኤም» ነው። በኪቦርዱ «ርም» ሆኖ ወጣ። ጓደኛችን «እ» ጨመረበትና «እርም» አለው። ይኼ ትእዛዝ እንዲሁ ሲጻፍ የቆሻሻ ቅርጫት የለውም፤ ልመልስ ቢሉት አይመልስም። በደጋው አገር ሰው ሩቅ ሞቶ ሬሳው ባይመጣ እንኳ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ እርሙን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም። ጓደኛችን ይህን ትእዛዝ ሳያስብ መትቶ አያውቅም፤ ቃሉ እጁን ይይዘው ነበር።

መምህሩ ጠለቅ ብለው ሲያስረዱን ደግሞ ትእዛዙ የሚያነሳው የፋይሉን ስም እንደሆነ ነገሩን። ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ዲስኩ ላይ ይቆያል። ፋይሉ ሁለት ስም ከነበረው አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይኖራል። ክፍሉ ግራ ሲጋባ እጁን ያወጣው እሱ ነበር፦ «የቤት ስምና የክርስትና ስም ማለት ነው። በአንዱ የሚጠራኝ ቢጠፋ በሌላው አለሁ።» መምህሩ «ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም» አሉ። ሻንጣው የተፈታው ያን ቀን ይመስለኛል።

ዛሬ ሃይስኩል ኮምፒውተር ያስተምራል። ደብተሩን ለተማሪዎቹ ያሳያል፤ እነሱም የራሳቸውን ይጨምሩበታል።

እንግዲህ የምለው ይኼ ነው። እንግሊዝኛ አንማር አላልኩም፤ እሱም ተምሮታል፣ ፈተናውንም በእሱ አልፏል። ነገር ግን ሰው በሌላ ሰው ቋንቋ የተሠራ መሣሪያ የራሱ የሚሆንለት በራሱ ቋንቋ ሲቀልድበት ነው። ዩኒክስን የሠሩት በቋንቋቸው ቀልደዋል፤ እኛም በእኛ ብንቀልድ ነውር የለበትም። ስለዚህ በየክፍሉ የምታስተምሩ፣ ከኋላ ወንበር ሳቅ ስትሰሙ «ዝም በሉ» ከማለታችሁ በፊት «ምን አገኛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት አንዱ ሻንጣውን እየፈታ ይሆናል።