ሜዳ የሌለው ቡድንና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

(በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ፣ ቡኢ ከተማ የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ኳስ ሜዳ ነው። «ኳስና ገበሬ ምን አገናኛቸው?» የሚል አባል ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ የሚያገናኛቸው መሬት ነው። ኳሱን የሚጫወቱት የአባላት ልጆች ናቸው፤ ሜዳው የሚገኘውም፣ ካልታሰበበት የሚወሰደውም፣ ከአባላት ማሳ ነው።

የቡድን ቤቱ ሜዳው ነው

በአገራችን የእግር ኳስ ውድድር ከላይ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ፣ ቀጥሎም አንደኛ ሊግ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ያሉት የከተማ፣ የቀበሌና የሠፈር ቡድኖች ግን ቁጥራቸው የትየለሌ ነው። እህል ሲነሣ ባዶ ማሳ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና ግብ አድርገው ይተክላሉ፤ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ሲመጣ አጣናቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ከትምህርት ቤት ግቢ ወደ ከብት ገበያ፣ ከከብት ገበያ ወደ ወንዝ ዳር ሲንከራተቱ ዓመቱ ያልቃል። ማልያ በመዋጮ ይገዛል፤ ኳስም ይገዛል። ሜዳ ግን ከሱቅ አይገዛም።

ሜዳ ማጣት የትንንሾቹ ችግር ብቻ አይደለም። በጉራጌ ምድር ቡታጅራ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ሲወዳደር የነበረ ሲሆን፣ ወልቂጤ ከተማ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማለፉ ይታወሳል። ወልቂጤ በሊጉ ሁለተኛ ዓመቱን በጀመረበት በ2013 ዓ.ም. ግን ውድድሩ በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች፣ ማለትም በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። ቡድኑን ለዚያ ደረጃ ያበቃው ደጋፊ ጨዋታውን የሚያየው በቴሌቪዥን ሆነ።

ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን አልቀረለትም። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ስታሸንፍ ግን «የሜዳዋ ጨዋታ» የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው። ምክንያቱም በአገር ውስጥ ያሉት ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ነው። ድሉ ደስ አሰኝቷል፤ እልል የሚለው ሕዝብ ግን ቦታው ላይ አልነበረም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሜዳን ለነገ እያሉ ማቆየት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ነው።

አራት ጥማድ የማን መሬት ነው?

ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ስፋቱ 68 ሜትር ነው። በዳርና ዳር ለተጫዋችና ለተመልካች የሚተወው ቦታ ሲጨመርበት 120 በ80 ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም 9,600 ካሬ ሜትር ነው። በገበሬው ስፍር ከሞላ ጎደል 1 ሄክታር ወይም 4 ጥማድ ማለት ነው።

አራት ጥማድ ለከተማ ፕላን ባለሙያ በወረቀት ላይ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ናት። ለገበሬ ግን የቤተሰብ ሙሉ ይዞታ ልትሆን ትችላለች። በአገር አቀፍ አማካይ ምርት ቢሰላ በዓመት 18 ኩንታል ገደማ ጤፍ ይታፈስባታል። በመሆኑም «ለወጣቱ ሜዳ ይሰጠው» የሚለው መልካም ጥያቄ ሳይታሰብበት ከተመለሰ፣ የአንዱ አባል ልጅ እንዲጫወት የሌላው አባል ልጅ ጦሙን ማደሩ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ እየተሻሻለ መጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሕዝብ ጥቅም መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ የመፈናቀያ ካሣ ወስኖ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህንን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ሆኖም ካሣ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይገባም። መጀመሪያ መታየት ያለበት አስቀድሞ የወል የሆነው፣ ልጆች ሲጫወቱበት የኖሩት፣ ነገር ግን ካርታ ያልወጣለት ክፍት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ባለቤት ያለው እየመሰለ ባለቤት የለውም። አንዱ አጥሩን ገፋ ያደርጋል፣ ሌላው ድንጋይ ያራግፍበታል፤ ከተማው ሲያድግ ደግሞ ለሌላ አገልግሎት ይመደባል። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ሜዳ ፍለጋ ወደ ገበሬው ማሳ የሚዞረው። ነባሩን ሜዳ በወረቀት ማስከበር ማለት እንግዲህ የወጣቱንም የገበሬውንም መሬት በአንድ ጊዜ ማስከበር ነው።

ለጉራጌ አዲስ አይደለም

የወል መሬትን ጠብቆ ማኖር ለዚህ አካባቢ ሕዝብ የሚሰበክለት ትምህርት አይደለም። በሰባት ቤት ጉራጌ በመንደሩ መካከል የሚዘረጋው ጀፎረ ሰፊና ሣራማ የጋራ ሜዳ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይስተናገድበታል፣ ሽማግሌ ይሸመግልበታል። ካርታና ሊዝ ሳይኖር ጀፎረ ተከብሮ የኖረው ድንበሩን የሚገፋ ሰው በባህሉ ሕግ ስለሚጠየቅ ነው። በክስታኔም የጎርደና ሴራ የሰውን ከሰው፣ የድንበርን ነገር ሲዳኝ ኖሯል። ኳስ ሜዳ የከተማ ጀፎረ ነው ቢባል አያንስበትም።

በጋራ አዋጥቶ መሥራትም እንዲሁ ነው። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡኢና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ ሲታሰብ፣ በ1950ዎቹ ሕዝቡ በማኅበር ተደራጅቶ ገንዘብ ማዋጣቱ አይዘነጋም። በምዕራብ በኩልም የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በዚያው ዘመን የተነሣው በሕዝቡ መዋጮ ነው። መንገድ በመዋጮ ያሠራ ሕዝብ አራት ጥማድ ሜዳ አያቅተውም።

የማንቸስተሩ ምሳሌ

የኅብረት ሥራ አባላት የሮችዴልን ታሪክ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር አቅራቢያ 28 ሰዎች ተሰባስበው የከፈቱት ሱቅ ለዛሬው እንቅስቃሴ አብነት ሆኗል። ከዚያው አካባቢ ለዛሬው ርዕስ የሚሆን ሌላ ምሳሌ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች የነበሩ ሰዎች ከክለቡ መሸጥ ጋር በተያያዘ ቅር ተሰኝተው «ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር» የተባለ የራሳቸውን ትንሽ ክለብ አቋቋሙ። ክለቡ የአባላት ንብረት ነው፤ ብዙ ገንዘብ ያስገባም ጥቂት ያስገባም አባል ድምፁ አንድ ነው። የሚጫወተውም ከዋናዎቹ ሊጎች በታች ነው። ሜዳ ስላልነበረው ለዓመታት የሌላ ክለብ ሜዳ እየተከራየ ቆየ። በመጀመሪያ ያገኘው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2011 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ቀረበት። ተስፋ ሳይቆርጥ ሌላ ቦታ አግኝቶ፣ አባላትና ደጋፊዎች ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ አክሲዮን ገዝተው፣ ብድርና እርዳታም ተጨምሮበት፣ በ2015 በራሱ ሜዳ ላይ መጫወት ጀመረ።

ከዚህ ምሳሌ የሚወሰደው የገንዘቡ መጠን አይደለም። አንደኛው ትምህርት መሬቱ በወረቀት እስካልተረጋገጠ ድረስ ሜዳ አለ ማለት እንደማይቻል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሥር ዓመት የፈጀው ሥራ ከግብ የደረሰው ያዋጣ ሁሉ ባለቤት በመሆኑ ነው። የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት «ለማኅበረሰብ ማሰብ» የሚለውን ሰባተኛ መርህ ያጸደቀውም እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያችው በማንቸስተር ከተማ ባደረገው ጉባኤ ነበር።

የክረምቱ ጭቃ

ቦታው ከተገኘ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ አፈሩ ነው። በዚህ ላይ ገበሬው ከማንም የተሻለ አዋቂ ነው።

የከተማ ወጣት ሜዳ በጣም የሚፈልገው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የክረምት ውድድር ሲጀመር ነው። ሜዳው በጣም የሚበላሸውም ያን ጊዜ ነው። መረሬ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ያወልቃል፤ በክረምት ውኃ ቋጥሮ ኳስ ያሰምጣል። መድኃኒቱ በማሳ ላይ የታወቀው ነው፤ ውኃውን ማጠንፈፍ። ሜዳው ድፍን ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። ከመካከሉ ወደ ሁለቱ ዳር በመቶ አንድ ያህል ቢያዘቀዝቅ በቂ ነው፤ ከመካከል እስከ ዳር ባለው 34 ሜትር ውስጥ 34 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ተጫዋቹ አይታወቀውም፣ ውኃው ግን ያውቀዋል። ከላይ በኩል ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ በዙሪያው ደግሞ ማፋሰሻ ቦይ ይቆፈራል።

ሣሩም ከሩቅ አይመጣም። ገበሬው ከማሳው እየነቀለ የሚጥለው ሰርዶ በሞቃት አገሮች ስታዲየሞች ከሚተከለው ሣር ጋር አንድ ወገን ነው። ቢረገጥ የማይሞት፣ በበጋ ደርቆ በዝናብ የሚያገግም ነው። ዘንጉ እየተቆረጠ በሰኔ መጨረሻ በመስመር ቢተከልና በክረምቱ ሥር ቢሰድ ሜዳውን ያለብሳል። ለዚህ ሲባል ግን ወጣቶቹ አንድ ክረምት ሜዳውን ሳይረግጡ መታገሥ ይኖርባቸዋል። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ሰርዶ ድንበር አያውቅም፤ ከሜዳው ተሻግሮ የጎረቤት ገበሬን ማሳ እንዳይወርር በዙሪያው ያለው ቦይ ጠለቅ ብሎ መቆፈርና በየጊዜው መጽዳት አለበት። ሜዳው ለከተማው መዝናኛ፣ ለጎረቤቱ አረም ሊሆን አይገባም።

ከብት በክረምት እርጥብ ሜዳ ላይ መግባት የለበትም፤ ሰኮናው አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። ሣሩ እየታጨደ ለከብት አድላቢዎችና ላም ለሚያልቡ ቢሸጥ ግን የሜዳው ጠባቂ ደመወዝ ከራሱ ከሜዳው ይወጣል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከከተማና ከወረዳ አስተዳደር የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ክፍት ቦታ ሁሉ ለክቶና መዝግቦ በከተማው ፕላን ላይ የስፖርት ሥፍራ ብሎ ማስፈር፣ ካርታም ማውጣት። ሁለተኛ፣ አዲስ ቦታ የግድ ሲሆን ለእርሻ የማይመቸውን ማስቀደም፤ ከገበሬ ከተወሰደም ካሣው ሳይከፈል ሞፈሩን አለማስቆም። ሦስተኛ፣ ከመቀመጫና ከአጥር በፊት መሬቱን ማስተካከል። የሚያምር በር ተሠርቶለት ውስጡ ኩሬ የሆነ ሜዳ ለማንም አይጠቅምም።

ከዩኒየኑና ከመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚጠበቀው ቡድን ማስተዳደር አይደለም። የአባላት ገንዘብ ለዘርና ለማዳበሪያ መግዣ ነው፤ ከዚያ ላይ ሳንቲም የሚነካው ጠቅላላ ጉባኤው አውቆና ፈቅዶ ሲወስን ብቻ ነው። ከገንዘብ ይልቅ ማኅበራቱ ያላቸው ልምድ ይበልጣል። አንድ አባል አንድ ድምፅ፣ በደረሰኝ የሚሰበሰብ መዋጮ፣ በየዓመቱ የሚመረመር ሒሳብ፣ በጉባኤ ፊት የሚጠየቅ ኮሚቴ። ለሜዳ እየተባለ የተሰበሰበ ገንዘብ የት እንደገባ ካልታወቀ ሁለተኛ የሚያዋጣ አይገኝም። ዩኒየኑ ለሜዳው ኮሚቴ የሒሳብ አያያዝ ቢያስተምር፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ለአፈርና ለአሸዋ ማመላለሻ ተሽከርካሪውን ቢያውስ ትልቅ ድርሻ ነው። የመስቀል ሰሞንም አለ። ከአዲስ አበባና ከየከተማው ልጁ ሁሉ ወደ አገሩ የሚገባበት ጊዜ በመሆኑ ለመዋጮ ጥሪ የሚበልጠው ወቅት የለም።

ከወጣቶቹ የሚጠበቀው ጉልበትና ትዕግሥት ነው። ቦዩን ይቆፍራሉ፣ ሰርዶውን ይተክላሉ፣ አንድ ክረምት ይጠብቃሉ። በጉልበቱ የሠራውን ሜዳ ሲበላሽ ዝም ብሎ የሚያይ ወጣት የለም።

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው ከዚህ አስተሳሰብ ለመውጣት ነው። የዛሬው ገበሬ ኳስ አይጫወትበት ይሆናል፤ ልጁና የልጅ ልጁ ግን ይጫወቱበታል። በመሆኑም ለቀጣዩ የጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አንድ ነጥብ ቢያዝ ተገቢ ነው፤ በየቀበሌው ያሉ የወል መጫወቻ ቦታዎች ተለክተው ዝርዝራቸው ለአስተዳደሩ እንዲቀርብ። ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ ገመድና ግማሽ ቀን ነው።

በዓሉ የአባላቱ ሁሉ መልካም በዓል ይሁን።